«ውሃ እስኪበቃው»፦ የእናቴን ድፎ ዳቦ በግራም ስጽፍ

በስልኬ ውስጥ ከሰባት ዓመት በፊት የተላከልኝ አንድ የድምፅ መልእክት አለ። እናቴ የድፎ ዳቦ አሠራር ስትነግረኝ ነው። ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። «ሦስት ጣሳ ዱቄት ታደርጋለህ። እርሾ አንድ ማንኪያ። ጨው በልኩ። ጥቁር አዝሙድ ቆንጠር አድርገህ ትጨምርበታለህ። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ ታቦካዋለህ፣ ውሃ እስኪበቃው። ኩፍ ሲል ትጋግረዋለህ፤ ሲበስል ታወጣዋለህ። በቃ፣ ምን አለው?»

ምን አለው ትላለች እንዴ! እኔ የምተዳደረው ሶፍትዌር በመጻፍ ነው። አንድ ባልደረባዬ «ውሃ እስኪበቃው» የሚል መመሪያ ጽፎ ቢሰጠኝ፣ «ስንት ነው የሚበቃው? ማን ነው የሚወስነው?» ብዬ እመልስለት ነበር። ጣሳው የቱ ጣሳ ነው? ማንኪያው የሻይ ነው የሾርባ? «ሲበስል ታወጣዋለህ» ማለትስ ምን ማለት ነው? መብሰሉን በምን አውቃለሁ?

እንደ ብዙዎቻችሁ፣ በተለይ እንደ ወንዶቹ፣ እኔም ያደግሁት ከማጀት እየተባረርኩ ነው። «ወንድ ልጅ እዚህ ምን ይሠራል፤ ሂድ አጥና» እየተባልኩ አጠናሁ። አጥንቼ አጥንቼ ለማስተርስ ወደ ኔዘርላንድ መጣሁ፤ 2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነበር። በዓመቱ የ2011 እንቁጣጣሽ ሲደርስ፣ ሮተርዳም ውስጥ በተማሪ ቤት አብረውኝ ለሚኖሩት ልጆች የሀገሬን የበዓል ዳቦ ላበላችሁ ብዬ ቃል ገባሁ። የድምፅ መልእክቱም የመጣው ያኔ ነው።

የዚያን ቀን የሠራሁትን ስሕተት ዛሬ እንደ ባለሙያ ልዘርዝረው እችላለሁ። በመጀመሪያ፣ ሦስት ጣሳ ለአምስት ሰው ይበዛል ብዬ በግማሽ ቀነስኩት። ጥሩ። ቤቱ ውስጥ የተገኘው መጋገሪያ ግን ወርዱ ሃያ ሳንቲሜትር የሆነ ጥልቅ የኬክ ጎድጓዳ ነበር። ሊጡን እሱ ውስጥ ገለበጥኩት። እማዬ ስጠይቃት «አንድ ሰዓት ገደማ» ብላኛለች፤ ዱቄቱ ግማሽ ስለሆነ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል አልኩ። ግለቱን ደግሞ አሜሪካ ያለች አንዲት የሀገራችን ልጅ ከሠራችው ቪዲዮ ወሰድኩ። እሷ «350 ላይ አድርጉት» ትላለች። የኔ ኦቭን ቁጥሩ 250 ላይ ያበቃል። እንግዲህ የድሀ ኦቭን ነው ብዬ እስከ ጥጉ አዞርኩት።

350 ፋራናይት ማለት 177 ሴልሺየስ መሆኑን ያወቅሁት፣ የጭስ ደወሉ ጮኾ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ሰው ሁሉ ኮሪደር ላይ ከወጣ በኋላ ነው። ዳቦው ከላይ ከሰል ሆኗል። በቢላ ስከፍተው ከመሃሉ ሊጥ ወረደ። አንዷ የኢንዶኔዥያ ልጅ አዝናልኝ ይሁን አክብራኝ ጠርዙን ፍቃ ቀመሰችና «ሽታው ደስ ይላል» አለች። እውነቷን ነው፤ ጥቁር አዝሙዱ አልተበላሸም ነበር።

ለእናቴ ግን «ቆንጆ ሆነ» አልኳት። ስደት የወጣ ሰው እናቱን ሲዋሽ ይህ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም አይደለም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እልህ ውስጥ አስገባኝ። ሥራዬ ላይ አንድ ነገር ሲበላሽ የምናደርገው፣ አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ መሞከር ነው። እኔ በዚያ ቀን መጠኑን፣ ዕቃውን፣ ጊዜውንና ግለቱን በአንድ ላይ ለውጬ ነበር። አራት ነገር ከለወጥክ የትኛው እንደገደለህ አታውቅም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ እየጋገርኩ በኤክሴል መመዝገብ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የገባኝ ነገር የዕቃው ነው፤ ይህን ብዙ ሰው ሲሳሳትበት ስለማይ ትንሽ ልቆይበት። ዳቦ የሚበስልበትን ጊዜ የሚወስነው የሊጡ ክብደት ሳይሆን ውፍረቱ ነው። ሙቀቱ ከውጭ ተነስቶ መሃል ድረስ መጓዝ አለበትና። የእናቴ ድስት ወርዱ 40 ሳንቲሜትር ነው። የክብ ስፋት የሚያድገው በወርዱ ካሬ ስለሆነ፣ ግማሹን ሊጥ በተመሳሳይ ውፍረት ለመጋገር 20 ሳይሆን 28 ሳንቲሜትር ወርድ ያለው ዕቃ ያስፈልጋል፤ 28 ሲባዛ በ28 ለ40 ሲባዛ በ40 ብትሉ ግማሽ ገደማ ይመጣል። 20 ሳንቲሜትሩ ዕቃ ስፋቱ ሩብ ብቻ ነው። እኔ ግማሽ ሊጥ ሩብ ቦታ ላይ አፍስሼ ውፍረቱን እጥፍ አደረግሁት፤ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ሙቀቱ መሃል የሚደርስበት ጊዜ ከእጥፍም ያልፋል። ለዚያ ነው ግማሽ ጊዜ ሰጥቼው ከመሃሉ ሊጥ የወረደው። ዕቃው ትክክለኛ ሲሆን ግን፣ ግማሹ ሊጥ የሚፈልገው ጊዜ ከሙሉው ብዙም የማያንስ መሆኑን አየሁ።

ዕቃችሁ ትንሽ ከሆነ ሊጡን ለሁለት ከፍላችሁ ጋግሩት እንጂ አትከምሩት። መከመር ግድ ከሆነም ግለቱን ቀንሱ፣ ጊዜውን አርዝሙ። ኦቭናችሁ በውስጡ ነፋስ የሚያዞር ዓይነት ከሆነ ደግሞ ከተጻፈው ላይ ሃያ ዲግሪ ያህል ዝቅ ማድረግ ነው።

ሁለተኛው የኩባያ ጣጣ ነው። የአሜሪካ ኩባያ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል፤ አንዳንድ ሌሎች ሀገሮች የሚጠቀሙበት ደግሞ 250። ይህ ልዩነት ትንሽ ነው። ትልቁ ልዩነት የሚመጣው ከእጃችን ነው። አንድ ኩባያ ዱቄት በማንኪያ ቀስ ብሎ ለሞላው 120 ግራም፣ ኩባያውን ከረጢቱ ውስጥ ጠልቆ ለዛቀው 150 ግራም ሊመዝን ይችላል። ስድስት ኩባያ ላይ ይህ 180 ግራም ልዩነት ነው። ከዚያ «የእገሊትን ቪዲዮ ተከትዬ ሠርቼ ድንጋይ ሆነብኝ» እንላለን። ድንጋይ የሆነው ቪዲዮው ተሳስቶ አይደለም። ከአንድ ምሳ ዋጋ ባነሰ ሚዛን መግዛት ይሻላል።

ሦስተኛውን ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ናት። የአየሩ ግፊት እዚህ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው፤ ውሃም የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እኔ ያለሁባት ሮተርዳም ደግሞ ብዙ ሰፈሮቿ ከባሕር ጠለል በታች ናቸው፤ ከከተማዋ አጠገብ ያለው የኔዘርላንድ ዝቅተኛ ቦታ ከባሕሩ ወደ 6.7 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ሐበሻ በአውሮፕላን ስምንት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ከዚያ ላይ እዚህ ታች ይወርድና፣ የእናቱን አሠራር ሳይነካ ይሠራል ተብሎ ይጠበቃል። አየሩ ቀለል ባለበት የሊጡ ጋዝ በቀላሉ ስለሚለጠጥ ሊጡ ቶሎ ኩፍ ይላል። እዚህ ዝግ ይላል። በዚያ ላይ የሮተርዳም ወጥ ቤት ክረምት ላይ 18 ዲግሪ ነው፤ እማዬ ሊጡን የምታስቀምጠው ከምድጃው ጎን ተጠቅልሎ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከፍታው የሚያመጣው ለውጥ ቢኖርም ከወጥ ቤቱ ሙቀት አይበልጥም። በግምት አሥር ዲግሪ ሙቀት ሲጨምር የእርሾው ፍጥነት እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ እርሾ ከመጨመሬ በፊት ሊጡን ኦቭን ውስጥ መብራቱን ብቻ አብርቼ ማሳደር ጀመርኩ። ዱባይ ያለ ጓደኛዬ ተቃራኒ ችግር አለበት፤ በሐምሌ አቡክቶ ገላውን ታጥቦ እስኪወጣ ሊጡ ከዕቃው አልፎ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል፤ እሱ እርሾውን በግማሽ ቀንሶ በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚያቦካው። ዴንቨር ያላችሁ፣ 1,600 ሜትር ላይ ስለሆናችሁ ከሁላችን ይልቅ ለሀገር ቤቱ አሠራር ትቀርባላችሁ፤ እናንተን አይመለከትም፣ እለፉት።

የውሃው መፍያ ነገር ወጥም ውስጥ ይገባል። ምስር በ92 ዲግሪ ሲቀቀልና በ100 ሲቀቀል አንድ አይደለም። እማዬ ባለችኝ ሰዓት ልክ የቀቀልኩት ድፍን ምስር ገንፎ ሆኖ ወጥቷል። ዶሮውም እንዲሁ። የሐበሻ ዶሮ ሁለት ሰዓት እሳት ላይ ቆይቶ ገና «ትንሽ ይቅረው» ይባላል፤ እዚህ ከሱቅ የሚገዛው ዶሮ በአርባ ደቂቃ ሥጋው ከአጥንቱ ይለያል። ስለዚህ ቁሌቱን ሙሉ በሙሉ ሳትጨርሱ ዶሮውን እንዳታስገቡ። የዚህ ሀገር ሽንኩርትም ውሃ ይበዛዋል፤ እስኪደርቅ ድረስ ቆሞ ማማሰል ነው እንጂ «ሽንኩርቱ ሃያ ደቂቃ» የሚባል ነገር የለም። ለብዙ ሰው ስትሠሩ ደግሞ፣ ጨውና በርበሬን ከሥጋው ጋር ማባዛት ይቻላል፤ ውሃን ግን አታባዙ። እጥፍ የሆነ ድስት እጥፍ አይተንም። እኔ ለአንድ ጓደኛዬ ልጅ ክርስትና አራት እጥፍ አባዝቼ ሠርቼ፣ ቀይ ሾርባ ይዤ ሄጃለሁ። ካህኑ እንኳ ሳቁ።

ኮረሪማ ሲያልቅ ሄል የሚያደርጉ አሉ፤ አደርጋለሁ እኔም፣ በግማሽ። ዘመድ ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ስለ እንጀራ ብዙ አልናገርም፤ እሱ ራሱን የቻለ መከራ ነው። ይህን ብቻ ልበል፤ ጤፍ ሆላንድ ውስጥም ይዘራል። የጤፍ ዱቄት ላይ የአንድ የዚህ ሀገር ኩባንያ ፓተንት እንኳ ነበረ፤ የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ ውድቅ አደረገው። ያኔ ሁላችንም ፌስቡክ ላይ ስለ ጤፋችን ተቆጥተን ነበር፤ ከተቆጣነው ውስጥ ስንቶቻችን አብሲት መጣል እንደምንችል እንጃ። እኔ አልችልም ነበር።

ወደ ዳቦው ልመለስ።

ከሦስት ዓመት በፊት ታላቅ እህቴ ደወለችልኝ። የእማዬ ዓይን ግላኮማ ነው ተባለ። አንዱ ብዙ ተጎድቷል፤ ሌላው ባለበት እንዲቆይ ጠብታ ታዘዘ። የጠፋው አይመለስም ተብለናል። እማዬ ስታወራኝ ግን እንደ ጉንፋን ነገር ነው ያወራችው። «ከላይ ከላይ ነው እንጂ ምንም አላለኝ» አለች። በዚያው ሳምንት እህቴ የላከችው ፎቶ ላይ እማዬ ምድጃው ጋ ቁጭ ብላ በእጇ የድስቱን ጠርዝ ስትዳስስ አየሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ስለ ጠብታውም ስለ ሐኪሙም ከመጠየቄ በፊት ያ የድምፅ መልእክት ትዝ አለኝ። «ውሃ እስኪበቃው።» ያንን የምታውቀው በዓይኗ ከሆነስ?

በሚቀጥለው ክረምት ሻንጣዬ ውስጥ ዲጂታል ሚዛንና የምግብ ቴርሞሜትር ይዤ ገባሁ። የቦሌ ፈታሾች ራሱ «ይኼ ምንድነው?» ብለውኛል። እህቴ ደግሞ ስታየው ተቆጣች። «ዓይኗን ባጣችበት ሰዓት መጥተህ ልትፈትናት ነው? ዳቦዋን ብላና ዝም በል።» እማዬ ግን ሳቀች። «ተይው፤ ልጄ ሊመዝነኝ ይመዝነኝ» አለች።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ጋገርን። ጣሳው የኒዶ ወተት ጣሳ ነው፤ እኔ ልጅ እያለሁ የነበረው፣ ቀለሙ የተላጠ። እሷ ትሰፍራለች፣ እኔ ከሥር ሚዛን አኖራለሁ። የመጀመሪያው ጣሳ 548 ግራም። ሁለተኛው 541። ሦስተኛው 552። ደግሜ ደጋግሜ አየሁት። ልዩነቱ ሁለት ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። ዓይኗ በደንብ የማያይ ሴት፣ በተላጠ ጣሳ፣ እኔ በኩባያ ከምሰፍረው አሥር እጥፍ በተሻለ ትክክል ትሰፍር ነበር። ጨው በመዳፏ ላይ ነው የምትለካው፤ እሱም በየጊዜው ከ30 እስከ 33 ግራም፣ ማለትም ለሦስት ጣሳ ዱቄት ሁለት ከመቶ ያህል። ይህ ዳቦ ጋጋሪዎች በመጽሐፍ ላይ የሚጽፉት መጠን ነው። እርሾው አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ 11 ግራም።

ውሃው ላይ ስንደርስ ግን ቁጥሩ ተበላሸብኝ። በመጀመሪያው ቀን 1,020 ግራም። በሁለተኛው 1,015። በሦስተኛው 1,110። መቶ ግራም ገደማ ልዩነት! እኔ በልቤ «እንግዲህ ዓይኗ ነው» አልኩ። አዘንኩ። መዝገቡ ላይም ከሦስተኛው ቁጥር ጎን የጥያቄ ምልክት አደረግሁ።

ማታ ላይ እንደ ዋዛ «እማዬ፣ ዛሬ ውሃ በዛ አይደል?» አልኳት።

«አልበዛም። ይኼኛው ዱቄት ይጠጣል» አለች። «ያኛው ከረጢት አለቀ፤ ይኼ ሌላ ነው። እጄ ገና ሲገባበት ነግሮኛል።»

ሄጄ ከረጢቱን አየሁት። እውነትም ሌላ ዱቄት ነው፤ የመጀመሪያው ያለቀው ሁለተኛው ቀን ላይ ነው። ሦስቱም ዳቦዎች ሲቆረጡ ልባቸው አንድ ዓይነት ነበር። እኔ ስሕተት ብዬ የጥያቄ ምልክት ያደረግሁበት ቁጥር፣ ከሁሉም በላይ ሥራ የተሠራበት ቁጥር ነው። ያንን መቶ ግራም ባትጨምር ኖሮ ሦስተኛው ዳቦ ደረቅ ይሆን ነበር። ሰው ሁሉ «የእናቶቻችን እጅ አይለካም» ሲል ያናድደኛል፤ ለካሁት፣ ይለካል። ግን ለካሁ ብዬ 1,020 ብቻ ጽፌ ብመለስ፣ ከኩባያው ቪዲዮ የተሻለ ነገር ይዤ አልመለስም ነበር። አሁን መዝገቤ ላይ ውሃው ሁለት ቁጥር ነው፤ ከዱቄቱ 62 ከመቶ ጀምር፣ እስከ 68 ድረስ በትንሽ በትንሹ ጨምር ይላል። ጎኑ ላይ «ዱቄቱ ከጠጣ» ተብሎ ተጽፏል።

ቴርሞሜትሩም አዋርዶኛል። እዚህ ሮተርዳም ዳቦ በስሏል የምለው መሃሉ 95 ዲግሪ ሲደርስ ነው። እማዬ ድስቱን ከታችም ከላይም ፍም አድርጋበት፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለውን ዳቦ ከፍታ በጣቷ መታ መታ አድርጋ «ደርሷል፣ አውጡት» አለች። እኔ ቴርሞሜትሬን ወጋሁት፤ 91። «ገና ነው እማዬ፣ አራት ዲግሪ ይቀረዋል።» ዝም አለች። አሥር ደቂቃ ጠበቅሁ፤ 91። ሌላ አሥር ደቂቃ ጠበቅሁ፤ 92 እንኳ አልሞላም። ቅጠሉ ማረር ማረር ሲል እህቴ ነጥቃ አወጣችው። ከሥሩ አንድ ጣት ያህል ጠቁሯል።

ውሃ በ92 ዲግሪ በሚፈላበት ከተማ፣ ርጥበት ያለው ዳቦ ልብ 95 ሊደርስ እንደማይችል ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው የገባኝ። የማይመጣ ቁጥር ስጠብቅ የእናቴን ዳቦ አሳረርኩ። ኢንጂነር ነኝ ብዬ! እህቴ እስከ ዛሬ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር ሲዘገይ «አራት ዲግሪ ይቀረዋል» ትላለች።

ለማንኛውም፣ ይዤ የተመለስኩት ይህን ነው፤ ለአምስት ለስድስት ሰው ይበቃል። 820 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 510 ግራም ለብ ያለ ውሃ (ዱቄቱ ከጠጣ እስከ 560)፣ 16 ግራም ጨው፣ 6 ግራም ደረቅ ፈጣን እርሾ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ ግማሽ ነጭ አዝሙድ፣ ጥቂት ዘይት። ሰባት ግራሟን የእርሾ ፓኬት ሙሉዋን ብትጨምሩትም አይሞትም፤ ቤታችሁ ቀዝቃዛ ከሆነ እንዲያውም ይሻላል። ለ500 ግራም ዱቄት አንድ ፓኬት የሚለውን የጀርባ ጽሑፍ ግን አትስሙ፤ ዳቦው እርሾ እርሾ ይላል። ኮባ የለም፤ ቶኮ ከሚባሉት የእስያና የሱሪናም ሱቆች በረዶ የሆነ የሙዝ ቅጠል ይገኛል፤ አቅልጣችሁ በትኩስ ውሃ አለስልሱት፣ ካልሆነ ይሰነጠቃል። 28 ሳንቲሜትር ዕቃ። 190 ዲግሪ፣ ነፋስ በሌለበት፣ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ፤ መጨረሻ ላይ ቅጠሉን ከላይ ገለጥ አድርጋችሁ ቀለም እንዲይዝ መተው።

ባለፈው እንቁጣጣሽ ጠዋት ይህንኑ ስጋግር በስልክ ከእማዬ ጋር ነበርኩ። ቪዲዮ አናደርግም አሁን፤ ምንም ስለማያሳያት ድምፅ ብቻ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ አወጣሁት፣ ቴርሞሜትሩን ከጎን ወጋሁት፤ 95። በስሏል አልኳት።

«እስኪ ገልብጠህ ሥሩን ምታው» አለች። ስልኩን አስጠግቼ በጣቴ አንኳኳሁ።

«ይኼ ጠርዙ ነው። መሃሉን ምታልኝ።»

መታሁት።

«ገና ነው» አለች። «መሃሉ ደንቁሯል።»

ቴርሞሜትሩን ነቅዬ በዚህ ጊዜ በቀጥታ መሃሉ ላይ ወጋሁት፤ 89። ቅድም ከጎን ስወጋው ጫፉ መሃል አልደረሰም ነበር። መልሼ አስገባሁት። እሷ በመስመር ላይ ቆየች፤ የጎረቤቱን ልጆች የአበባዮሽ ጩኸት ከጀርባዋ እሰማለሁ። ስምንት ደቂቃ ቆይቼ አወጣሁትና መሃሉን ደግሜ መታሁላት።

«አዎ፣ አሁን» አለች። ቀጥላም «ዱቄቱ እንዴት ነው? ጠጣ?»

«ጠጣ። አምስት መቶ አርባ ፈጀ።»

«እሱን አላውቅልህም። እጅህን ለቀቀህ?»

«ለቀቀኝ።»

«እንግዲያው በቅቶታል።»